ጨው የማይበላው ቢላ፦ ለጠላቂና ለባሕር ሥራ የሚሆን ቢላ አመራረጥ

የመጀመሪያው የመጥለቂያ ቢላዬ ላይ «የማይዝግ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተቀርጾበት ነበር። አምኜ ገዛሁት። ሦስት ቀን ባሕር ገባሁበት። ከዚያ ከነአፎቱ ቦርሳ ውስጥ ጣልኩትና ረሳሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላወጣው ስል እምቢ አለኝ። አፎቱን በጉልበቶቼ መሃል ቆልፌ በሁለት እጄ ስጎትተው ነው እየተንቋቋ የወጣው። ብረቱ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው። እጀታው ሥር ግን ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። አፎቱ ውስጥ ቢላውን ቆንጥጣ የምትይዘው ትንሿ የብረት ምላስ ዝጋ ከቢላው ጋር ተጣብቃለች።

ይህ የሆነው ደረቅ መሬት ላይ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ውሃ ውስጥ እግሬ በመረብ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ያ ቢላ ከድንጋይ አይሻልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቢላ የምመርጥበት መንገድ ተቀይሯል። ቅደም ተከተሉን እንደምሠራበት አስቀምጬዋለሁ። ብረቱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ገንዘብም ሰውም የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ከሁሉ በፊት፦ ዝገቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ቢላ በብዛት የሚዝገው ባሕር ውስጥ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከውሃ ስትወጡ ብረቱ ላይ ቀጭን የጨው ውሃ ይቀራል። ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን የትም አይሄድም። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ደረቀ ያላችሁት ቢላ ውስጥ ውስጡን እርጥብ ነው። ከላይ ደግሞ የፈለገውን ያህል ኦክስጅን ያገኛል። ጨው፣ እርጥበትና አየር አንድ ላይ ሲገናኙ ዝገት ሌላ ምንም አይፈልግም።

«የማይዝግ» የሚባለው ብረት የሚከላከለው ውስጡ ባለው ክሮምየም ነው። ክሮምየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ብረቱ ላይ በዓይን የማትታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ውፍረቷ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ስትጫር፣ ኦክስጅን ካገኘች፣ ራሷን መልሳ ትጠግናለች። ለዚህ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም ያስፈልጋል።

የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ የዚህች ሽፋን ዋና ጠላት ነው። ሽፋኗን በሙሉ አይልጣትም። አንድ ደካማ ነጥብ ይመርጥና ይበሳታል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ለዚህ ነው የባሕር ዝገት ብዙ ጊዜ ነጠብጣብ ሆኖ የሚጀምረው። ከላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ፣ ከሥር ዋሻ።

ሌላው ጠባብ ቦታ ነው። እጀታ ሥር፣ ብሎን ሥር፣ አፎት ውስጥ። እዚያ ጨው ውሃ ይገባል፣ ኦክስጅን ግን እንደልብ አይደርስም። ሽፋኗ ራሷን መጠገን አትችልም። የኔ ቢላ የተበላው እዚህ ነው።

1. መጀመሪያ የምትቆርጡትን ነገር እወቁ

ጠላቂ ቢላ የሚይዘው ከሻርክ ጋር ሊታገል አይደለም። ዋናው ጠላት የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። የናይሎን ክር ውሃ ውስጥ አይታይም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የተጣለ መረብ፣ ከዚያ ገመድ ይመጣል።

ለቀጭን ክር ረጅም ቢላ አያስፈልግም። ስለቷ በጉሮሮዋ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ የክር መቁረጫ ትበልጣለች። ክሩን ወደ ጉሮሮዋ ታስገባላችሁ፣ ትስባላችሁ፣ አለቀ። እጅም ልብስም አትቆርጥም። ለወፍራም ገመድ ጥርሳም ስለት ያስፈልጋል። እርጥብ ገመድ ላይ ለስላሳ ስለት ይንሸራተታል፤ ጥርሱ ግን ጭረቱን ይዞ ይበጥሳል። ከመረብ ለመውጣት ደግሞ ጥሩ መቀስ የሚያክል የለም። በተለይ የተጎነጎነ ጠንካራ የፕላስቲክ ክር ቢላን ያለፋል፤ መቀስ ግን ቆንጥጦ ይጨርሰዋል። ቀጭን የሽቦ ማያያዣ ባለበት ቦታ የምትጠልቁ ከሆነም መቀሱ የግድ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ትልቅ ቢላ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ መቁረጫ ነው፦ አንድ አጭር ቢላ (ስለቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል) እና አንድ የክር መቁረጫ ወይም መቀስ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ።

የጫፉን ነገር ብዙ ሰው አያስብበትም። ሹል ጫፍ ዓሣ ለሚያጠምድ ይጠቅማል። ለተራ ጠላቂ ግን ዶልዳማው ይሻላል። በተጨናነቃችሁ ሰዓት፣ ደረታችሁ ላይ የተነፋ ጃኬት፣ ትከሻችሁ ላይ የአየር ቱቦ እያለ፣ ሹል ነገር ማወዛወዝ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ዶልዳማው ጫፍ በዚያ ላይ ለመፈንቀልም ያገለግላል።

ሳትገዙ አንድ ነገር አጣሩ። አንዳንድ የባሕር ፓርኮች ጠላቂ ቢላ እንዳይዝ ይከለክላሉ። አውሮፕላን ላይም ቢላ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ወደ ጭነት ነው የሚሄደው።

2. የብረቱን ስም ጠይቁ

እኔ ሻጭን መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን የብረቱን ስም ነው። «እስቴንለስ ነው» መልስ አይደለም። «የጃፓን ብረት ነው»፣ «የቀዶ ጥገና ብረት ነው» የሚሉትም ውሃ አያነሱም። ስም ወይም ቁጥር ከሌለው እተወዋለሁ።

ቁጥሩን ስታገኙ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ስንት ክሮምየም አለው? ስንት ካርቦን አለው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። ጨዋታው ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው።

ካርቦን ብረትን ያጠነክራል፤ ስለቱ ቶሎ እንዳይደነዝ ያደርጋል። ግን ሌባ ነው። ክሮምየሙን ይዞ ጠንካራ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣት ውስጥ የታሰረ ክሮምየም ደግሞ ያችን ስስ ሽፋን አይሠራም። ወረቀት ላይ አለ፣ ሥራ ላይ የለም።

ጥሩ ማሳያ 440 የሚባለው ብረት ነው። 440ኤ፣ 440ቢ እና 440ሲ ሦስቱም ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮምየም አላቸው። ልዩነታቸው ካርቦኑ ነው። 440ኤ ከ0.60 እስከ 0.75 በመቶ፣ 440ሲ ደግሞ ከ0.95 እስከ 1.20 በመቶ ይይዛል። 440ሲ ስለቱ ይቆይለታል። ባሕር ላይ ግን 440ኤ ይሻላል። ቢላው ላይ «440» ብቻ ተጽፎ ፊደሉ ከሌለ «የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዲ2 የሚባለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ክሮምየሙ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ለስሙ ከ10.5 በላይ ነው። ካርቦኑ ግን 1.5 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ብዙውን ክሮምየም ይወስድበታል። ለየብስ ሥራ ግሩም ብረት ነው። ለባሕር አይሆንም።

420 ርካሽ የመጥለቂያ ቢላዎች የሚሠሩበት ብረት ነው። ክሮምየሙ ከ12 እስከ 14 በመቶ፣ ካርቦኑ ዝቅተኛ። ቶሎ ይደንዛል፣ ቶሎም ይሳላል። በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ከታጠበ ያገለግላል። ከረሳችሁት ይቀየማችኋል።

304 እና 316 ሌላ ዓይነት ናቸው። ኒኬል አላቸው። 316 በተጨማሪ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ የጀልባ ዕቃ በብዛት ከእሱ የሚሠራው ለዚህ ነው። ዝገትን በደንብ ይቋቋማሉ። ችግሩ በእሳት አግሎ ማጠንከር አይቻልም። ስለዚህ ስለታቸው ለስላሳ ነው፤ አንድ ወፍራም ገመድ ከቆረጣችሁ በኋላ ጥርሱ ይተኛል። ለብሎንና ለማያያዣ ፍጹም ናቸው። ለስለት ግን ምርጫዬ አይደሉም።

ብረቶችን ለማወዳደር የብረት ሰዎች የሚጠቀሙባት ቀላል ስሌት አለች። የክሮምየሙን መቶኛ ትወስዳላችሁ። በላዩ ላይ የሞሊብዲነሙን መቶኛ በ3.3 አባዝታችሁ፣ የናይትሮጅኑን ደግሞ በ16 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ የክሎራይድን መርፌ ይበልጥ ይቋቋማል። 420 በዚህ ስሌት 13 አካባቢ ይወጣል። 304 ከ18 ትንሽ ከፍ ይላል። 316 ደግሞ 24 ገደማ ይደርሳል። ግን ስሌቷ ሌባውን አታውቀውም። 440ሲ ላይ ከሞከራችኋት 17 ትላችኋለች፤ እውነተኛ አቅሙ ግን ከዚያ ያንሳል።

ለማነጻጸር፦ ባሕር ውስጥ ለዘለቄታው ተነክሮ ለሚቀር ብረት በተለምዶ ከ40 በላይ ነው የሚፈለገው። የተለመዱት የቢላ ብረቶች እዚያ አይደርሱም። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዙ ማጠብ አይቀርላችሁም።

3. ኪስ ከፈቀደ፦ ናይትሮጅን ያለበት ብረት

ካርቦን ሌባ ከሆነ በሌላ ነገር ለምን አይተካም? ተተክቷል። ናይትሮጅንም ብረት ያጠነክራል፤ ክሮምየም ላይ ግን እንደ ካርቦን አይከፋም። እንዲያውም ራሱ ዝገትን ለመቋቋም ያግዛል። በስሌቷ ውስጥ በ16 የሚባዛው በከንቱ አይደለም።

ኤልሲ200ኤን የሚባለው ብረት 0.3 በመቶ ካርቦን፣ 15 በመቶ ክሮምየም፣ 1 በመቶ ሞሊብዲነምና 0.4 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን አለው። አስሉት፤ 25 ገደማ ይወጣል። ከ316 ጋር እኩል ሆኖ ስለቱ ግን በደንብ ይጠነክራል። ይህ ዓይነት ብረት መጀመሪያ የታወቀው በአውሮፕላንና በሮኬት ሞተር ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ቢላ የመጣው በኋላ ነው።

ኤች1 የጃፓን ብረት ነው። ካርቦኑ 0.15 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የሚጠነክረው በእሳት ሳይሆን በብርዱ እየተዳመጠ ነው። «ብረትን እንደጋለ መቀጥቀጥ» የሚለው ምክር እሱ ላይ አይሠራም። ስፓይደርኮ የተባለው አምራች «ሶልት» ብሎ በሰየማቸው የባሕር ቢላዎቹ ኤች1ን በሰፊው አስተዋውቋል። ዝገትን በመቋቋም የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ስለቱ ግን ቶሎ ቶሎ «ሳሉኝ» ይላል። ጥርሳሙን ዓይነት ብትወስዱ ይሻላል።

ቫናክስ የሚባለው ብረት ናይትሮጅኑን እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል፤ ስለቱም ይቆያል። ውድ ነው፤ ሁሉም ቦታ አይገኝም።

ማግናከት የሚባለውን ብረት ለብቻው የማነሳው «ክሮምየም ብዙ ካለው ይበልጣል» የሚለውን እምነት ስለሚያፈርስ ነው። ላሪን ቶማስ የተባለ የብረት ተመራማሪ የቀመረው ነው፤ ገበያ የወጣው በ2021 ነው። ክሮምየሙ 10.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ካርቦኑ ደግሞ ከ1 በመቶ በላይ። በተለመደው ሒሳብ መዛግ ነበረበት። ግን ካርቦኑን ቫናዲየምና ኒዮቢየም የሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይይዙታል፤ ክሮምየሙ ነፃ ይቀራል። በክሮምየም ብዛት ከሚበልጡት ብዙ ብረቶች የተሻለ ጨው ይችላል። ለጀልባና ለዓሣ ማጥመድ ድንቅ ነው። ሁልጊዜ ጨው ውስጥ ለሚኖር ቢላ ግን እኔ አሁንም ኤልሲ200ኤንን አስቀድማለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ጥሩ ብረት በመጥፎ እሳት ይበላሻል። ስሙ ያማረ ብረት በትክክለኛው ሙቀት ካልተሠራ ክሮምየሙ ተመልሶ ይታሰራል። ስለዚህ ከማይታወቅ ሰው «ቫናክስ ነው» የተባለ ርካሽ ቢላ ከመግዛት በስም ከሚታወቅ አምራች መካከለኛ ብረት መግዛት ይበልጣል።

4. ቲታንየም፣ ሴራሚክ እና ሌሎቹ

ቲታንየም በባሕር ውሃ አይዝግም። ነጥብ። ክብደቱም ከብረት በብዙ ይቀላል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.4 ግራም ገደማ ነው፣ ብረት 7.8 አካባቢ። ማግኔት ስለማይስበው ኮምፓስ አጠገብ ቢቀመጥ መርፌውን አያስትም። እንከኑ ስለቱ ነው። በብዛት የሚገኘው ደረጃ 5 የሚባለው ዓይነት ከጥሩ ቢላ ብረት በጣም ይለሰልሳል። ጥርሳም ከሆነና የምትቆርጡት አልፎ አልፎ ከሆነ ይበቃል። በየቀኑ ገመድ ለሚቆርጥ ሰው አድካሚ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ወርቃማ ቀለም ያለው «ቲታንየም ቢላ» ነው። ብዙ ጊዜ ያ ተራ ብረት ሆኖ ላዩ ላይ በቲታንየም ናይትራይድ የተለበጠ ነው። ማግኔት አስጠጉ። ቢላው ማግኔቱን ከሳበ ቲታንየም አይደለም። ሁለተኛው ብሎኑ ነው። ቲታንየም ጨው ውሃ ውስጥ ከተራ ብረት ጋር ሲነካካ የሚበላው ተራው ብረት ነው። ቢላው ለዘላለም ይኖራል፣ ብሎኖቹ በአንድ ዓመት ያልቃሉ።

ሴራሚክም አይዝግም። ግን ድንጋይ ላይ ከወደቀ ወይም ከጠመዘዛችሁት ይሰበራል። ለወጥ ቤት ተዉት።

ጥቁር ልባስ ያላቸውስ? ልባሱ ይረዳል። ስለቱ ላይ ግን የለም፤ ሲሳል ይነሳል። ደካማ ብረትን በጥቁር ቀለም ሸፍኖ ለባሕር መሸጥ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ከሥር ያለውን ብረት ጠይቁ።

5. በእጃችሁ ይዛችሁ መርምሩ

ስሙ ካሳመናችሁ ቢላውን አንሱት። ብርሃን ላይ አዙሩት።

ገጹ ይስተዋል። ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ብረት ከሻካራ ብረት ያነሰ ይዝጋል። በአሸዋ ተነፍቶ ፈዘዝ ያለ ግራጫ መልክ የተሰጠው ቢላ ፎቶ ላይ ያምራል። በማጉያ ስታዩት ግን ሺህ ጉድጓድ ነው፤ እያንዳንዱ ጨው ይቋጥራል። አንድ ዓይነት ብረት በሁለት አጨራረስ ከቀረበላችሁ ልሙጡን ውሰዱ። በጥልቀት የተቀረጸ ጽሑፍም እንደዚያው ነው። የኔው ቢላ ዝገት «የማይዝግ» ከሚለው ቃል ጉድጓድ ውስጥም ወጥቶ ነበር። መቼም አልረሳውም።

ከዚያ እጀታው። «ይፈታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ብሎን የሚፈታ እጀታ በጣም ጥሩ ነው፤ ሥሩን ታጥባላችሁ። ካልተፈታ ደግሞ ምንም ክፍተት ሳይኖረው ተጣብቆ የታተመ መሆን አለበት። የማይፈታ ግን ውሃ የሚያስገባ እጀታ ከሁሉም የከፋ ነው። ጥፍራችሁን በብረቱና በእጀታው መጋጠሚያ ላይ አስኪዱት። ጥፍር ከገባ ጨው ይገባል። እንጨትና ቆዳ ይቅርባችሁ። ጎማ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የተደራረበ ፋይበር ይሻላል።

የሚታጠፍ ቢላ ለጀልባ ላይ ሥራ ይመቻል፤ ለመጥለቅ ግን አልወደውም። ማጠፊያው፣ ስፕሪንጉና መቆለፊያው ሦስት ተጨማሪ የዝገት ጎጆዎች ናቸው። ስለቱ ጥሩ ብረት ሆኖ ስፕሪንጉ ተራ ብረት የሆነ ቢላ አለ።

ቀለሙን በተመለከተ ባጭሩ፦ ቀይ አትግዙ። ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው፤ ጥቂት ሜትር ከወረዳችሁ በኋላ ቀዩ እጀታ ጥቁር ይመስላል። ቢጫ ወይም የሚያበራ አረንጓዴ ይሻላል።

በመጨረሻ ጓንታችሁን አድርጋችሁ አውጡት፣ መልሱት። በቀኝ ሞክሩ፣ በግራ ሞክሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩ። ሻጩ ቢስቅባችሁም ሞክሩ።

6. አፎቱና ቦታው

አፎቱ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። መያዣው የፕላስቲክ ከሆነ እሰየው፤ ብረት ካለበት 316 መሆኑን አጣሩ። ገልብጣችሁ ስታራግፉት ቢላው መውደቅ የለበትም፤ በአውራ ጣት ስትገፉት ግን ወዲያው ሊለቅ ይገባል።

ቢላን እግር ላይ ማሰር የድሮ ልማድ ነው። እግር ላይ ሲሆን ራሱ ክር ይይዛል፤ እግራችሁ ከተጠላለፈ ደግሞ አትደርሱበትም። ደረት ወይም ወገብ አካባቢ፣ ሁለቱም እጆች የሚደርሱበት ቦታ ላይ አድርጉት።

7. ከጉዞ በፊት አንድ ሌሊት ፈትኑት

አዲስ ቢላ ይዤ ባሕር ከመግባቴ በፊት ቤት ውስጥ አስጨንቀዋለሁ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ወደ 35 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ባሕሩ ማለት ነው። መጀመሪያ ቢላውን የፋብሪካ ቅባቱ እስኪለቅ በሳሙና እጠቡ፤ አለበለዚያ የምትፈትኑት ቅባቱን ነው። ሶፍት በጨው ውሃው አርሳችሁ ከጫፉ እስከ እጀታው ጠቅልሉት። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክቱት፤ አየር እንዲያገኝ አፉን አትቋጥሩት። ጠዋት ፍቱት።

ሶፍቱ ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካለ የት እንዳለ ተመልከቱ። በሳሙናና በናይሎን ብሩሽ ሲፈተግ ጠፍቶ ገጹ ልሙጥ ከሆነ፣ ምናልባት ከፋብሪካው መሞረጃ የተጣበቀ የተራ ብረት ብናኝ ነው፤ አጥባችሁ ድጋሚ ፈትኑት። በሁለተኛው ሌሊት እዚያው ቦታ ከመጣ ብረቱ ራሱ ነው። ከብሎን ሥር ከሆነ ብሎኑን በ316 መለወጥ ይበቃል። ስለቱ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ሲሳል ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ በድንጋይ ላይ ቀስ ብላችሁ በውሃ ሳሉትና እንደገና ሞክሩ።

8. ከባሕር ስትወጡ

ጀልባው ላይ እያላችሁ፣ ቀሪውን ዕቃ ሳትነኩ፣ ቢላውን ከአፎቱ አውጡና ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» ማለት ይኸው ነው። ጨው አንዴ ከደረቀ ስንጥቅ ውስጥ ይቋጠራል፤ ለማስለቀቅ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል።

ማታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት። አፎቱንም አብራችሁ። አፎቱን የማያጥብ ሰው ቢላውን አጥቦ መልሶ ጨው ውስጥ ይከተዋል። የጥርሱን መሃልና የእጀታውን ሥር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። አድርቁት። ከዚያ ቀጭን የሲሊኮን ቅባት አስነኩት። ከአፎቱ ውጭ ይደር። በጉዞው ማብቂያ እጀታውን ፍቱት፤ ብሎኑ ላይም ቅባት ጠብ አድርጉ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ዓመት አይፈታም።

በረኪና በፍጹም አታስነኩት። ክሎሪን ስላለው ከባሕሩ ብሶ ይበላዋል። ዕቃ በምንፈትግበት ተራ የብረት ሽቦም አትፈትጉት፤ የሽቦው ብናኝ ገጹ ላይ ይቀርና ራሱ ዝጎ ቢላውን ያበላሻል። ዝገት ከታየ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ በናይሎን ስፖንጅ ማሸት ይበቃል።

ካጸዳችሁ በኋላ ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ጥፍር ሳይዝ ካለፈ ላዩ ላይ የነበረ እድፍ ነው። ጥፍር ከያዘ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ አይድንም። በቢላው ሆድ ላይ አንድ ሁለት ቢሆኑ ቅባት እየቀባችሁ ትቀጥላላችሁ። ስለቱ ላይ ወይም እጀታው ውስጥ በሚገባው ብረት ላይ ከሆኑ ግን ያ ቢላ ከእንግዲህ ውሃ አይግባ። የኔው «የማይዝግ» እጀታው ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ የነበረው ብረት እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። አሁን የቀለም ቆርቆሮ እከፍትበታለሁ።